ኖስፌራቱ፦ 63፣ 80 ወይስ 94 ደቂቃ? የትኛው ዲስክ ይገዛ?

ጥያቄው፦ «የ1922ቱን ድምፅ አልባ ፊልም፣ ኖስፌራቱን፣ በዲስክ ገዝቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። አንዱ ሻጭ 63 ደቂቃ፣ ሌላው 80፣ ሌላው 94 ብሎ ይሸጠዋል። ርካሹን ገዝቼ አየሁት። ቫምፓየሩን ፀሐይ ይገድለዋል እየተባለ በጠራራ ፀሐይ የሬሳ ሳጥኑን ታቅፎ ከተማ ለከተማ ይዞራል። ሰዉም ሁሉ ሲራመድ የሚሮጥ ይመስላል። ፊልሙ ራሱ እንዲህ ነው ወይስ የገዛሁት ኮፒ ነው የተበላሸው? የምኖረው ዱባይ ነው፤ ወንድሜ ግን ከአሜሪካ ሊልክልኝ ይችላል።»

ምላሽ፦ የተበላሸው ኮፒው ነው። ያነሷቸው ሁለቱም ነገሮች፣ ፀሐዩም ሩጫውም፣ ፊልሙ ከተሠራ በኋላ የመጡ ጥፋቶች ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሳጥኑ እንጀምር። ቫምፓየሩ ኦርሎክ ከመርከቧ ወርዶ ሳጥኑን ታቅፎ በቪስቦርግ ከተማ መንገዶች የሚያልፈው ሌሊት ነው። ካሜራው ፊት ግን ቀን ነበር። በ1921 የነበረው ጥሬ ፊልም ብርሃን የመቀበል አቅሙ ደካማ ስለሆነ ወደብን፣ መንገድንና ተራራን በእውነተኛ ጨለማ መቅረጽ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሙርናውና ካሜራ ያዡ ፍሪትስ አርኖ ቫግነር የውጩን ትዕይንት በቀን ቀረጹት። ሌሊቱ የመጣው በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፦ ለሲኒማ ቤት የታተመው ኮፒ፣ ልክ ጨርቅ እንደሚነከር፣ ክፍል በክፍል ቀለም ውስጥ ተነከረ። ንክሩ የሚይዘው ብሩህ የሆነውን የምስሉን ክፍል ነው፤ ነጩ ሰማይ ይቀልማል፣ ጥቁሩ ኮት ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ከሆነ ሌሊት ነው። ሮዝ ከሆነ ንጋት ወይም ምሽት ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ቀን ነው፣ አለዚያም መብራት ያለበት ቤት ውስጥ ነን። የዚያን ዘመን ተመልካች ይህን ማንም ሳያስረዳው ይረዳው ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮፒዎቹ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ እየተገለበጡ ሲቀመጡ ንክሩ ቀረ፤ ንክሩ ሲቀር ሌሊቱ አብሮ ቀረ። እርስዎ የገዙት ዲስክ የዚህ ዓይነቱ ኮፒ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በአንድ ትዕይንት አያበቃም። የታሪኩ መጨረሻ የተንጠለጠለው የባለታሪኩ የሁተር ሚስት ኤለን ቫምፓየሩን ዶሮ እስኪጮኽ አጠገቧ ማቆየት በመቻሏ ላይ ነው። ቀለሙ ያለበትን ኮፒ ሲያዩ የሌሊቱ ሰማያዊ ሸሽቶ የንጋቱ ሮዝ ሲመጣ በዓይንዎ ያዩታል፤ ኦርሎክ ገና ቀና ሳይል እርስዎ ጊዜው እንዳለቀበት አውቀዋል። ቀለሙ በሌለበት ኮፒ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉም ግራጫ ነው፤ መንጋቱን የሚናገረው ዶሮው ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድን ኮፒ ለመፈተሽ ሙሉውን ማየት አያስፈልግም። ሳጥን የታቀፈበትን ቦታ ይፈልጉ። ሰማያዊ ካልሆነ ዲስኩን ይመልሱት። እዚህ ላይ ግን አንድ ማጭበርበር አለ፦ አንዳንድ ርካሽ ኮፒ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ወይም ሰማያዊ ተቀብቶ «ቀለም ያለው» ተብሎ ይሸጣል። ከሳጥኑ ትዕይንት ሌላ በመጀመሪያ ያለውን፣ ሁተር ጠዋት መስኮት አጠገብ ያለበትን ክፍል ይዩ። ሁለቱ አንድ ቀለም ከሆኑ ያው ማጭበርበሩ ነው።

አሁን ወደ ሩጫው። ፊልሙ መጋቢት 4 ቀን 1922 በርሊን ላይ ሲመረቅ ርዝመቱ 1,967 ሜትር ነበር። አንድ ሜትር የ35 ሚሊሜትር ፊልም 52.5 ገደማ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይይዛል፤ በጠቅላላው ከ103,000 በላይ ፍሬም ማለት ነው። ይህን ቁጥር በፍጥነቱ ያካፍሉት፦ በሰከንድ 18 ፍሬም ከታየ 95 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል፤ በ20 ከታየ 86፤ በ24 ከታየ 72 እንኳ አይሞላም። በሰከንድ 24 ፍሬም ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላ የተደነገገ ልክ ነው። ድምፅ አልባውን በዚያ ልክ ማሳየት በአንድ ሦስተኛ ማፍጠን ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚሮጥ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ታዲያ 63 ደቂቃው በዚህ ሂሳብ እንኳ አይገባም። በ24 ፍጥነት የተገለበጠ ነው ብንል 63 ደቂቃ የሚይዘው 90,720 ፍሬም፣ ወደ 1,730 ሜትር ነው። ከ230 ሜትር በላይ የለም። ስለዚህ ያ ዲስክ የፈጠነ ብቻ አይደለም፤ የተቆረጠም ነው። ይህን ሂሳብ ለማንኛውም ድምፅ አልባ ፊልም መጠቀም ይቻላል፦ የመጀመሪያውን ርዝመት በሜትር ያግኙ፣ በ52.5 ያባዙ፣ ከዚያ ለሚያምኑት ፍጥነት ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ሰከንድ ስለሆነ ደቂቃውን ለማግኘት ለ60 ያካፍሉት። ደቂቃው አጭር ሆኖ ሲያዩ ወዲያው «ተቆርጧል» ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ ፍጥነቱም ሊሆን ይችላል፣ ወይም እንደዚህኛው ሁለቱም።

ብዙ ሰው ፍጥነቱን እንደ ትንሽ ጉዳይ ያልፈዋል። በዚህ ፊልም ግን ትንሽ አይደለም። ሙርናው ሆን ብሎ ያፈጠናቸው ቦታዎች አሉ፦ ሁተርን ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚወስደው ጥቁር ሠረገላ ሽቅብ እንደ ነፍሳት ውር ውር ይላል፤ ኦርሎክ ግቢው ውስጥ አፈር የሞላባቸውን ሳጥኖች ጋሪ ላይ ሲከምርም እንዲሁ በተቆራረጠ ፍጥነት ነው። ዘዴው የሚሠራው ሌላው ሰው ሁሉ በሰው ፍጥነት ሲንቀሳቀስ ነው። ሁተርም፣ የእንግዳ ማረፊያው ገበሬዎችም፣ ፈረሶቹም ሲሮጡ ከቆዩ ሠረገላው ሲመጣ ምንም አዲስ ነገር የለም። በዚያው ጉዞ ላይ ጫካው በኔጌቲቭ፣ ዛፉ ነጭ ሆኖ፣ የሚታይበት ቅጽበት አለ፤ እሱንም አንዳንድ የድሮ ቴሌቪዥን ኮፒ አጥቦ ከተራ ምስል ለመለየት እስኪያስቸግር አድርሶታል።

ፍጥነቱ በዲስኩ ላይ እንዴት እንደተሠራ በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ብሉሬይ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሚያጫውተው፤ የ18 ፍሬም ፊልም በዚያ ላይ ሲቀመጥ ከየሦስቱ ፍሬም አንዱ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ምስሉን አቁመው በፍሬም ወደፊት የሚያስኬደውን ቁልፍ ይጫኑ (ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም የላቲኗ «ኢ» ቁልፍ ናት)። ተንቀሳቀሰ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ… እያለ በአራት በአራት ከሄደ በትክክል ተሠርቷል። ሁሉም ፍሬም ያለ ድግግሞሽ ከተንቀሳቀሰ የፈጠነ ኮፒ ነው። የእጅ ጣት ሁለት ሆኖ፣ ጥላ በጥላ ላይ ተደርቦ ከታየ ደግሞ ከአንድ የቴሌቪዥን ሥርዓት ወደ ሌላው በግድየለሽነት የተለወጠ ነው፤ በተለይ ከፓል (ከአውሮፓው ሥርዓት) ወደ ኤንቲኤስሲ (ወደ አሜሪካው) በተለወጡ የድሮ ዲቪዲዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለውን ምንም ዓይነት ቴሌቪዥን አያስተካክለውም።

የኮፒው ዓይነት ለምን እንዲህ በዛ? ምክንያቱ ፍርድ ቤት ነው። አዘጋጁ ኩባንያ ፕራና ፊልም የብራም ስቶከርን ድራኩላ መብቱን ሳይገዛ ነበር የተጠቀመው። የደራሲው ባለቤት ፍሎረንስ ስቶከር ከሰሱ፤ በ1925 ኔጌቲቩም ኮፒዎቹም እንዲወድሙ ተፈረደ። የተረፈው ቀድሞ ወደ ውጭ አገር የወጣው ኮፒ ነው፤ ያም በየአገሩ ተቆርጦ፣ ተተርጉሞ፣ ስም ተቀይሮለት። አሜሪካ በተሰራጨው ኮፒ ኦርሎክ «ድራኩላ»፣ ሁተር «ሃርከር»፣ አሠሪው ኖክ «ሬንፊልድ»፣ ኤለን «ኒና» ሆነዋል፤ ቪስቦርግም «ብሬመን» ተብላለች። የእርስዎ ዲስክ ላይ እነዚህን ስሞች ካነበቡ ከየት እንደመጣ አወቁ ማለት ነው። ለሙርናው ፊልም ግን ስሙ ኦርሎክ ነው።

ዛሬ የሚታመነው እድሳት በ2005 እና በ2006 የተሠራው ነው። ሉቺያኖ ቤሪያቱዋ ለጀርመኑ ሙርናው ፋውንዴሽን የመራው ሲሆን የላቦራቶሪ ሥራው ቦሎኛ፣ ጣሊያን፣ በሊማጂኔ ሪትሮቫታ ተከናወነ። መነሻው ፓሪስ በፊልም መዝገብ ቤቱ በሲኔማቴክ ፍራንሴዝ የተቀመጠ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ የ1922 ናይትሬት ኮፒ ነው (ናይትሬት የዚያን ዘመን ጥሬ ፊልም ነው)፤ ቀለሞቹ የተወሰዱት ከእሱ ነው። እዚያ ላይ የጎደሉት ምስሎች ጀርመን ከነበረ የ1939 መጠባበቂያ ኮፒና በ1930 «አሥራ ሁለተኛው ሰዓት» ተብሎ ዳግም ከወጣው ቅጂ ተሟሉ። የፓሪሱ ኮፒ የጽሑፍ ካርዶቹ (በምስሎቹ መካከል ገብተው የሚነበቡት ጽሑፎች) ፈረንሳይኛ ስለነበሩ ጀርመንኛዎቹ ከምሥራቅ ጀርመን መዝገብ ከነበረ የ1962 ግልባጭ ተወሰዱ። ያልተገኙት በአዲስ መልክ ተጽፈው ማዕዘናቸው ላይ አራት የላቲን ፊደላት፣ ኤፍ፣ ደብሊው፣ ኤም፣ ኤስ (የፋውንዴሽኑ የጀርመንኛ ስም ምህጻረ ቃል)፣ ተቀምጦባቸዋል። ካርዱን አቁመው ፊደሎቹን ይፈልጉ፤ ካሉ ካርዱ የ2006 ነው፣ ከሌሉ የድሮውን ንድፍ ነው የሚያዩት። እንዲህ «ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ» ብሎ የሚናገር እድሳት ሊከበር ይገባዋል። ይህ እድሳት በ18 ፍሬም 94 ደቂቃ ይሄዳል፤ ከላይ ካሰላነው 95 ተኩል ጋር ያስተያዩት፤ የጎደለው በጣም ትንሽ ነው።

ከዚህ እድሳት ከወጡት ብሉሬዮች ሁለቱን ልጥቀስ፣ ሁለቱም የ2013። አንዱ የአሜሪካው ኪኖ ነው፤ ሁለት ዲስክ ሲሆን አንዱ የጀርመንኛ ካርዶችን ከእንግሊዝኛ ሰብታይትል ጋር፣ ሌላው በእንግሊዝኛ የተሠሩ ካርዶችን ይዟል። ሌላው የእንግሊዙ ዩሪካ በማስተርስ ኦፍ ሲኒማ ተከታታዩ ያወጣው ነው፤ ካርዶቹ ጀርመንኛ ብቻ፣ ሰብታይትሉን ማጥፋት ይቻላል፣ በፊልሙ ላይ ደርበው የሚያዳምጧቸው ሁለት የባለሙያ ትንታኔዎችና መጽሐፍ የሚያክል ቡክሌት አለው። ቤሪያቱዋ ራሱ የሠራው፣ የሙርናውን የመጀመሪያ ዓመታትና የቀረጻ ቦታዎቹን ዛሬ ካሉበት ሁኔታ ጋር የሚያሳየው ዘጋቢ ፊልም በሁለቱም ላይ አለ። ምስሉ ከአንድ ምንጭ ስለሆነ ልዩነቱን ቤት ውስጥ በሚገኝ ቴሌቪዥን ለይቶ ማየት ይቸግራል። ጭረቱ፣ የምስሉ መንቀጥቀጥ፣ ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚታየው የጥራት መዝለል በሁለቱም ላይ አለ፤ ያ የመቶ ዓመት ናይትሬት ነው፣ የዲስኩ ጉድለት አይደለም። ምርጫው እኔ ጋ ቢሆን የእንግሊዙን እወስዳለሁ፣ በትንታኔዎቹ ምክንያት። እንግሊዝኛ ካርድ በቀጥታ ማንበብ ለሚቀለው ወይም ለልጆች ለሚያሳይ ግን ኪኖ ይሻላል። የአማርኛ ሰብታይትል በአንዱም የለም።

ሙዚቃውም የሁለቱ አንድ ነው፦ ሃንስ ኤርድማን ለ1922ቱ ምረቃ የጻፈው። ሙሉ ኖታው ጠፍቷል፤ የቀረው በኋላ «ቅዠታዊና ሮማንቲክ ስዊት» ብሎ ያሳተመው ሥራ ነው። በርንት ሄለር ከእሱ ተነስቶ ለፊልሙ ርዝመት መልሶ አቀናብሮት የዛርብሩከን ሬዲዮ ኦርኬስትራ ተጫውቶታል። አስፈሪ ሙዚቃ አይጠብቁ፤ ገጠርና ጫካ የሚሸት፣ ለስለስ ያለ ነው፤ ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚያ ለስላሳነት ሥር ነው። ርካሾቹ ላይ የሚሰሙት ግን ማንም ከየትም ያነሳው ኦርጋን ወይም ክላሲካል ቅንጭብ ነው፣ ከምስሉ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ሦስተኛ ብሉሬይ በ2015 የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት አውጥቷል። ምስሉ ከ2006 በፊት ከነበረው እድሳት ነው፤ የሚገዛው ለሙዚቃው ነው፤ የ1958ቱን የእንግሊዝ ድራኩላ ሙዚቃ የጻፈው ጄምስ በርናርድ በ1997 ለዚህ ፊልም ያቀናበረው። ድምቅ ያለ፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ሥራ ነው። የመጀመሪያ ዲስክዎ አያድርጉት፤ ሁለተኛ ለመሆን ግን ይበቃል።

80 ደቂቃ የተባለው ምናልባት ዴቪድ ሼፐርድ ያዘጋጀው የኢሜጅ ኢንተርቴይንመንት ዲቪዲ ነው። ቀለም አለው፣ በዘመኑም ከገበያው ምርጥ ነበር። አሁን ግን በቅናሽ ካላገኙት ጊዜው አልፎበታል። «4ኬ» እና «ሙሉ ቀለም» ተብለው ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቁትን ደግሞ ይተዋቸው፤ ኮምፒውተሩ የፊልሙን ቅንጣት ሲያጸዳ ኦርሎክን የሚጫወተውን የማክስ ሽሬክን ፊት ሰም ያስመስለዋል፤ የቆዳ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ሌሊቱን ሁለተኛ ጊዜ ያጠፋዋል።

ከመግዛትዎ በፊት ያለው ትልቁ ጉዳይ የክልል ኮድ ነው፤ ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ምልክት ማለት ነው። ወንድምዎ አሜሪካ የሚያገኘው የኪኖ ብሉሬይ ክልል «ኤ» ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና አውሮፓ ለብሉሬይ ክልል «ቢ» ናቸው፤ ዱባይ የተገዛ ማጫወቻ ያንን ዲስክ አልቀበልም ይላል። ለእርስዎ የሚስማማው ከእንግሊዝ የሚመጣው ዲስክ ነው። በዲቪዲ ነገሩ ይለያል፦ አሜሪካ 1፣ ባሕረ ሰላጤው፣ እስራኤልና ምዕራብ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። ብዙ ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻ ኮዱን በሪሞት ማስከፈት ይቻላል፤ የብሉሬይ ማጫወቻ ግን በዚህ መንገድ እምብዛም አይከፈትም። የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ክልሉን መቀየር የሚፈቅደው አምስት ጊዜ ነው፤ በአምስተኛው ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ይህን ሳያውቁ ለሙከራ እያሉ መቀያየር ብዙ ድራይቭ ያበላሸ ነገር ነው።

ዲስኩ ሲደርስዎ ቴሌቪዥኑን ያዘጋጁ። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ቅንብር ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፤ ያ ቅንብር የተደገሙትን ፍሬሞች አይቶ በመሃላቸው የሌለ ምስል ይፈጥራል፣ የኦርሎክም ጥፍሮች በደረጃው ግድግዳ ላይ ጥላቸው ሲሄድ እንደ ውሃ ይቀልጣሉ። ምስሉ ለካሬ ቀረብ ያለ፣ 4 በ3፣ ስለሆነ ግራና ቀኝ ጥቁር ባዶ መኖሩ ትክክል ነው፤ «ስክሪኑን ሙላ» የሚለውን ከመረጡ ወይ ፊት ይለጠጣል፣ ወይ ከመርከቧ ወለል በታች ሆነን ቀና ብለን የምናየው ኦርሎክ ራሱ ይቆረጣል። የቀለም መጠኑን አይቀንሱ፤ «ጥቁርና ነጭ ፊልም አይደል» ብለው ዜሮ ካደረጉት ተመልሰው ጠራራ ፀሐይ ውስጥ ገቡ።

የያዙትን ርካሽ ዲስክም እስከዚያው መጠቀም ይቻላል። ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ይክፈቱት፣ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ያውርዱ (18ን ለ24 ማካፈል ነው፤ የፓል ዲስክ ከሆነ በ25 ስለሚሄድ 0.72)፣ ድምፁን ይዝጉት። 63 ደቂቃው 84 ይሆናል፣ ሰዎቹም መራመድ ይጀምራሉ። የተቆረጠው አይመለስም፣ ሌሊቱም አይመጣም፤ ሠረገላው ግን ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ሲፈጥን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩታል።